የባንድ መሪውን ደሞዝ ማን ይከፍላል?

ሰላም ወዳጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና ማይኩ ብቻ ነን። ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለ ጉዳይ አለ፣ እሱን ላውራችሁ።

ጉዳዩ የማርሽ ባንድ መሪዎች ነው። ትራምፔትና ክላሪኔት የሚያስተምሩ፣ ኖታ የሚጽፉ፣ ከባንዱ ፊት ቆመው እጃቸውን የሚያወናጭፉት ሰዎች። በጥምቀት ወይም በደመራ የፖሊስ ማርሽ ባንድ ሲያልፍ ሁላችንም እናያለን፣ ቪዲዮ እንቀርጻለን። እነዚህን ልጆች ማን አስተማራቸው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። እኔ ደግሞ ከዚያም አልፌ አንድ ነገር ልጠይቅ። ደሞዛቸውን ማን ነው የሚከፍለው?

የብር ወሬ እንዳይመስላችሁ። ዘመናዊ ሙዚቃችን ከየት መጣ፣ ለምንስ ያ የነሐስ ድምፅ ጠፋ ለሚለው ትልቁ መልስ እዚህ ጋ ነው ያለው። እኔ በበኩሌ እንደዚያ ነው የማምነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።)

ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያው ዛር ለአጼ ምኒልክ የነሐስ መሣሪያዎች መጡ። ደስ ይላል። ግን መሣሪያ መላክ ቀላሉ ሥራ ነው። የሚያስተምር ሰው ከሌለ ትራምፔት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ ነው። ስለዚህ መምህር ከውጭ መጣ፣ ደሞዙም ከቤተ መንግሥት ወጣ። ነገሩ ሲጀመርም እንደዚህ ነው የተጀመረው።

ከዚያ 1924 መጣ። ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው በአርመን ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ባንድ ሲጫወቱ አዩ። ከአርመኖች እልቂት የተረፉ ልጆች ናቸው፣ አርባ። ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ፣ እሳቸውም አርመን። «ማርሽ ተፈሪ»ን የደረሱት እሳቸው ናቸው። በ1930 ንግሥና ላይ ተሰማ፣ እስከ አብዮቱ ድረስም የአገሪቱ መዝሙር ሆኖ ቆየ። አስቡት፣ አንድ ስደተኛ የባንድ አስተማሪ ለአገር መዝሙር ጻፈ። ለልጆቹ የሚነፉትን ነገር መጻፍ ግን የዘወትር ሥራው ነው። ባንድ መሪ ማለት ይኸው ነው። የሚነፋ ነገር ከሌለ ቁጭ ብሎ ይጽፋል።

እንግዲህ በዚያ ዘመን ለዘፈነ ሰው የነበረውን ግምት ታውቃላችሁ። «አዝማሪ» ስድብ ነበር። ልጄ ሙዚቀኛ ሆነልኝ ብሎ ደስ የሚለው አባት አልነበረም። የጦሩና የፖሊሱ ባንድ ግን ዩኒፎርም አመጣ። ማዕረግ አመጣ። በወሩ መጨረሻ የሚፈረምበት ፔሮል አመጣ። ያው ልጅ ማታ ማታ ቢዘፍንም ቀን ወታደር ነው፣ ስለዚህ ቤተሰብ አያፍርም። ለእኔ የክብር ዘበኛ፣ ማለትም የንጉሡ ጠባቂ ጦር፣ ትልቁ ውለታ ይሄ ነው፤ ከሙዚቃው በፊት ክብሩን ነው የሰጠው።

እስኪ ስሞቹን አስታውሱ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አሕመድ፦ ክብር ዘበኛ። አለማየሁ እሸቴ፣ ሒሩት በቀለ፦ ፖሊስ ሠራዊት። ጌታቸው መኩሪያን እዩት። ሳክስፎን ላይ ሽለላ የነፋ ሰው፣ ከዚያ በፊት ማንም ያላሰበው ነገር። በ1949 ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፣ ቀጥሎ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ቀጥሎ ደግሞ ፖሊስ ኦርኬስትራ። ሦስት ቀጣሪ። አንዱም የግል አይደለም። ፎካሪው ሳክስፎን በመንግሥት ደሞዝ ነው የፎከረው።

ደሞዙ ነጻ አልነበረም፣ ይሄም መባል አለበት። በታኅሣሥ 1960 የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ጥላሁን ታስሯል። ዘፋኝ ነኝ ማለት አላዳነውም። የሚከፍልህ ጦር ከሆነ የጦሩ ጣጣ ያንተም ጣጣ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ዘፋኞች ጀርባ ያሉትን ሰዎች ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ነርሲስ ናልባንዲያንን ውሰዱ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ናቸው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ከአሌፖ መጡ፣ በ1977 እዚሁ አዲስ አበባ አረፉ። ማዘጋጃ ቤቱንም፣ ቴአትር ቤቱንም፣ ፖሊሱንም አስተምረዋል፤ መዘምራንም አሰልጥነዋል፤ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተምረዋል። ችግሩን አስቡት። ቅኝታችን አምስት ድምፅ ነው። ትዝታና ባቲን በነጠላ ዜማ መንፋት ማንም ይችላል። አንቺ ሆዬን ግን ለትራምፔት፣ ለትሮምቦንና ለሳክስፎን አከፋፍለህ፣ አራት ሰው የተለያየ ድምፅ እየነፋ አንቺ ሆዬነቱ ሳይጠፋ ማቀናበር ሌላ ጉዳይ ነው። የፈረንጅ ሃርሞኒ እንደወረደ ከጫንክበት ዜማው ይሞታል። ይሄን በየቀኑ ከወረቀት ጋር እየታገሉ ነው መልስ ያበጁለት። ታዲያ ዘፈኑ ሲወጣ በማን ስም ወጣ? በዘፋኙ።

በነገራችን ላይ ተከፋፍሎ መንፋት ራሱ ለእኛ እንግዳ አልነበረም። እምቢልታ ነፊዎች ሦስት ሆነው ነው የሚነፉት። አንዱ የራሱን አንድ ሁለት ድምፅ ይነፋና ዝም ይላል፣ ሌላው ይቀበለዋል። ዜማው የሚገኘው ሦስቱ ሲገጥሙ ነው። ተራን መጠበቅ የባንድ የመጀመሪያ ትምህርት አይደል? ያንን ከነጋሪቱ ዘመን ጀምሮ እናውቀዋለን።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። እኔ ትራምፔት የተማርኩት በደርግ ጊዜ፣ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ነው። ያስተማሩን ከሠራዊት ባንድ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቤተሰቦቻቸው ስላሉ ስማቸውን አልጠራም፤ እኛ ጋሼ ነበር የምንላቸው። መጀመሪያ መሣሪያውን አልሰጡንም። ማውዝፒሱን፣ ከንፈር የሚገጥምበትን ጫፍ፣ ብቻ ነው ያስያዙን። ከንፈራችንን አስገጥመን ብዝዝዝ ስንል እንውላለን። የቀበሌው አዳራሽ ንብ የሰፈረበት ቀፎ ይመስል ነበር። ቫልቭ (በጣት የምንጫነው ቁልፍ) ሲያንቅ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ይደረግበታል። ቅዳሜ በብራሶ ማጽዳት ነው። የክላሪኔት ሪድ፣ ያቺ ሲነፋ የምትርገበገበው ስስ ሸምበቆ፣ ጫፉ ሲበላ ጋሼ በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርገው ያድሱታል፤ አዲስ ከየት ይመጣል?

ከሁሉም የማይረሳኝ ኖታ መገልበጡ ነው። ነገሩን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ትራምፔት ወረቀቱ ላይ «ሲ» ብሎ የሚነፋው ፒያኖ ላይ «ቢ ፍላት» ነው። አልቶ ሳክስፎን ደግሞ «ሲ» ብሎ ሲነፋ «ኢ ፍላት» ይወጣል። ስለዚህ አንድ ዘፈን ለሁሉም አንድ ወረቀት አይሆንም፣ ለየመሣሪያው ተለውጦ ይጻፋል። ጋሼ አምስቱን መስመር በማስመሪያ ያሰምራሉ፣ ከዚያ በቢክ እስክርቢቶ እየቆጠሩ ይሞላሉ። ማታ፣ ቤታቸው፣ ልጆቻቸው ከተኙ በኋላ። በማግስቱ አንዱ ዕረፍቱን ሳይቆጥር ዘሎ ሲገባ በዱላዋ ወንበሩን ይመቱና «ዕረፍትም ኖታ ነው! ቁጠር አንተ!» ይላሉ። እስከ ዛሬ ሰው ወሬዬን ሲያቋርጠኝ ይቺ ናት ትዝ የምትለኝ።

ጋሼ ግን በሙዚቃ መምህርነት አንድም ቀን ደሞዝ ተከፍሏቸው አያውቅም። የበሉት የወታደር ደሞዝ ነው፣ ኋላም የወታደር ጡረታ። ማስተማሩ ምርቃት ነበር።

አሜሪካን ስታዩ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ከፋዩ ትምህርት ቤት ነው። ዊልያም ሬቬሊ የሚባል በዘርፉ ስመ ጥር የሆነ ሰው አለ። ሥራውን የጀመረው ኢንዲያና ውስጥ ሆባርት በምትባል ትንሽ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ባንድ በማስተማር ነው። ከዚያ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ገባና ከ1935 እስከ 1971 መራ። ሙያው መሰላል አለው፦ ከሰፈር ትምህርት ቤት ተነስተህ ዩኒቨርሲቲ ትደርሳለህ። የእኛው አሸናፊ ከበደም ያንን ዓለም ያውቃሉ። የተማሩት አሜሪካ፣ ሮቸስተር፣ ኢስትማን ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው፣ ፍሬድሪክ ፌኔል በ1952 ስመ ጥሩን የትንፋሽ መሣሪያዎች ባንድ ያቋቋመበት ቤት። ተመልሰው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆኑ። መጨረሻቸው ግን እዚያው አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ሲያስተምሩ ነው። ለምን ሄዱ ብዬ አልፈርድም። መሰላሉ ያለበት ቦታ ሰው ይወጣል።

እኛ ጋ መሰላሉ አንድ ነበር፣ እሱም ካምፕ ውስጥ። በ1991 የደርግ ጦር ሲበተን የጦሩ ኦርኬስትራዎችም አብረው ተበተኑ። ሰዎቹ መሣሪያቸውን አስረክበው ወጡ። ትራምፔት ደግሞ የራስህ ከሌለህ ትራምፔት ነፊ አይደለህም። በዚያው ሰሞን ኪቦርድ ነገሠ። አንድ ልጅ ሁለት እጁን ይዞ አምስት ነፊ ሊተካ ነው። የምሽት ክበቡ ባለቤት ሒሳቡን ይሠራል፣ ማን ይፈርድበታል? እኔ ግን ሁልጊዜ የምናደደው ሰዎች «ኪቦርድ ነሐሱን ገደለው» ሲሉ ነው። ኪቦርድ አልገደለም። ከፋዩ ነው የጠፋው። ከፋዩ ቢኖር ኖሮ ሁለቱም ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር።

ዛሬ ፖሊስ አለ፣ መከላከያ አለ፣ ሥራቸውን ይሠራሉ። ያሬድ አለ፣ አሁን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስር ነው። መካነ ኢየሱስም የጃዝ ትምህርት ቤት አለው። የጎደለው ታችኛው ደረጃ ነው። የአስር ዓመት ልጅን ማውዝፒስ አስይዞ ብዝዝ የሚያሰኝ፣ ለዚያም በወር በወሩ የሚከፈለው ሰው። እኔ ራሴ አንድ የግል ትምህርት ቤት ለጥቂት ጊዜ አስተምሬያለሁ፤ ስሙ ይቅር። የሙዚቃ መምህር ብለው ቀጠሩኝ፣ ሥራዬ ግን የወላጆች ቀን ሲደርስ ስፒከር መግጠም ነበር። ክፍለ ጊዜዬን ሒሳብ ወሰደው። ወጣሁ።

አንዲት አድማጭ በቴሌግራም «ልጄ ትራምፔት መማር ይፈልጋል፣ ምን ላድርግ?» ብላ ጽፋልኛለች። እህቴ፣ ትምህርት ቤት ከመፈለግሽ በፊት ሰፈርሽን ጠይቂ። ከፖሊስ ወይም ከሠራዊት ባንድ ጡረታ የወጣ ሰው አይጠፋም። አንድ ልጅ ብቻውን ከሆነ ለመምህሩም ያስጠላል፣ ለልጁም ያስጠላል፤ ሦስት አራት ወላጅ ሆናችሁ ቅጠሩት። ክፍያውን በወር አድርጉት፣ በሰዓት አይደለም፣ ኖታ የሚጽፍበት ጊዜ በሰዓት አይቆጠርምና። ያገለገለ መሣሪያ ከገዛሽ ቫልቮቹን አንድ በአንድ ተጭነሽ ፈትሺ። ማውዝፒስ ግን ለልጅሽ ለብቻው ይሁን፣ ከማንም ጋር እንዳይጋራ። በሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝ፣ ቻው።