«ለማውጣት ቅድሚያ ክፈሉ» ሲሏችሁ፦ የጅማ አድማጮች ስለ ክሪፕቶ ማጭበርበር የጠየቁት

በዚህ ሳምንት የጥያቄና መልስ ሰዓታችን በክሪፕቶ (በኢንተርኔት ብቻ በሚንቀሳቀስ ዲጂታል ገንዘብ) ስም ስለሚደረግ ማጭበርበር ልናወራ ስልኩን ስንከፍት መስመሩ ተጨናነቀ። ከጅማ ከተማ ብቻ ሳይሆን ከአጋሮም ተደወለ። አየር ላይ ሰዓት አጥሮኝ የተቻኮልኩባቸውን መልሶች እዚህ ሞልቼ ጽፌያቸዋለሁ። የደዋዮችን ስም ሆን ብዬ ትቻለሁ። ከተማችን ትንሽ ናት፣ ወሬ ቶሎ ይደርሳል።

ከሂርማታ የደወሉ እናት፦ «ቡና እየነገድኩ ነው የምኖረው። የእህቴ ልጅ ‹እንደ እቁብ ነው፣ ልዩነቱ በቀን ሁለት ፐርሰንት ይወልዳል› ብሎ ስልኬ ላይ አፕ ጫነልኝ። 3 ሺህ ብር አስገብቼ 600 ብር አወጣሁ። ደስ ብሎኝ 40 ሺህ ጨመርኩ። አሁን አፑ 118 ሺህ ብር አለሽ ይለኛል። ላወጣ ስል ግን ‹መጀመሪያ 15 ፐርሰንት ግብር በ24 ሰዓት ውስጥ ክፈይ› አለኝ። ልክፈል እንዴ ልጄ?»

አይክፈሉ እናቴ። አንድ ብርም ቢሆን። 17 ሺህ 700 ብሩን ዛሬ ቢልኩ፣ ነገ «የማረጋገጫ ክፍያ» ይመጣል። ከነገ ወዲያ ደግሞ «ስለዘገዩ ቅጣት» ይባላሉ። እርስዎ እምቢ እስኪሉ ድረስ አይቆምም። ገንዘቡ እውነት እነሱ ጋር ቢኖር ኖሮ፣ 15 ፐርሰንቱን ከዚያው ቀንሰው ቀሪውን መስጠት ይችሉ ነበር። ይህን ቢጠይቋቸው «ሲስተሙ አይፈቅድም» ይሉዎታል። ሲስተሙ የማይፈቅደው የሚሰጥ ነገር ስለሌለ ነው።

118 ሺህ የሚለው ቁጥር ስክሪኑ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ነው። እነሱ ቢፈልጉ አንድ ሚሊዮንም ይጽፉበታል። መጀመሪያ ያወጧት 600 ብር ደግሞ ከራስዎ 3 ሺህ ላይ ተቆንጥራ የተመለሰች ናት። እሷ ባትመለስ ኖሮ 40 ሺህ ያስገቡ ነበር? አያስገቡም። ለዚህ ነው «እኔ እኮ አውጥቻለሁ» የሚል ሰው ማስረጃ የማይሆነው። የሚሸውዱ ሰዎች ትንሽ ማስወጣት የሥራቸው ወጪ ነው።

እቁብ ነው መባሉ ደግሞ በጣም ያናድደኛል። በእቁብ ዳኛውን ያውቁታል፣ ጸሐፊውን ያውቁታል፣ የሚወስድ ሰው ዋስ ይጠራል። የሚደርስዎትም ያው የከፈሉት ድምር ነው። እቁብ አይወልድም። ሁለት ፐርሰንት በቀን እንወልዳለን የሚሉትን እስቲ እናስላው። ወለዱ ከዋናው ጋር እየተደመረ ከሄደ፣ 1 ሺህ ብር በዓመቱ ከ1 ሚሊዮን 300 ሺህ ብር በላይ ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ንግድ በእጁ ያለው ሰው የእርስዎን የቡና ብር ምን ያደርግለታል?

ይህ ዘዴ በዓለምም አዲስ አይደለም። ቢትኮኔክት የሚባለው የክሪፕቶ ድርጅት በቀን አንድ ፐርሰንት ገደማ ትርፍ ይል ነበር። በፈረንጆች ጥር 2018 ተደረመሰ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሚረር ትሬዲንግ ኢንተርናሽናል የተባለው ደግሞ «ቢትኮይናችሁን ስጡን፣ ሮቦት ይነግድላችኋል» ብሎ ሰበሰበ። 2020 መጨረሻ ላይ ማውጣት ተከለከለ። ባለቤቱ ከአገር ወጥቶ ቆየና ብራዚል ውስጥ ተያዘ። የአፑ ስምና ቀለም ይለያያል፣ ማውጫው በር ላይ ያለው ቁልፍ ግን አንድ ነው።

አሁን ምን ያድርጉ? አፑን አያጥፉት። የሂሳቡን ገጽና የቴሌግራም ንግግሩን በሙሉ ስክሪንሾት ያስነሱ። ከዚያ ብር የላኩባቸውን ደረሰኞች ያውጡ። ልብ ብለው ቢያዩ ምናልባት በየደረሰኙ ላይ የተለያየ ሰው ስም ነው ያለው። ድርጅት ቢሆን ኖሮ በድርጅቱ ስም ነበር የሚቀበለው። ይህንን ይዘው ዛሬውኑ ወደ ባንክዎ ይሂዱ፣ የተቀባዩ ሂሳብ እንዲታገድ ያመልክቱ። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ። ብሩ ገና ካልወጣ የመያዝ ዕድል አለ፣ ሰዓት በሄደ ቁጥር ግን ይመነምናል።

የእህትዎን ልጅ ደግሞ አይጣሉት። እኔ እስካሁን ካየኋቸው፣ ሰው ያስገቡት ልጆች አብዛኞቹ ራሳቸውም የተበሉ ናቸው። ማጭበርበሩ የሚሠራውም በዚህ ነው። የማታውቁት ሰው ቢደውልላችሁ ትዘጉበታላችሁ። የእህት ልጅ ላይ ግን አትዘጉም።

ከአጂፕ የደወለ ወጣት፦ «ባጃጅ እነዳለሁ፣ በጎን ደግሞ ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ክሪፕቶ) በፒቱፒ (ከሰው ለሰው በቀጥታ) እሸጣለሁ። አንዱ ገዢ ብር ላከልኝ፣ ዩኤስዲቲውን ለቀቅኩለት። ከሳምንት በኋላ ሂሳቤ ታገደ። ‹የተሰረቀ ብር ገብቶብሃል› ተባልኩ። እኔ ምን አጠፋሁ?»

ወንድሜ፣ አንተ ጥያቄህን ስትጠይቅ እኔ የማስበው ስለ ሂርማታዋ እናት ነበር። የእሳቸው 40 ሺህ ብር የት የሄደ ይመስልሃል? አጭበርባሪው በራሱ ስም ሂሳብ አይከፍትም። ከእንዳንተ ዓይነት ሻጭ ጋር ዩኤስዲቲ ለመግዛት ይስማማል። ያንተን የሂሳብ ቁጥር ለእሳቸው ይልክና «እዚህ ላይ አስገቢ» ይላቸዋል። ብሩ አንተ ጋር ይገባል፣ ዩኤስዲቲው እሱ ጋር ይሄዳል። እሳቸው ሲከሱ በደረሰኙ ላይ የሚገኘው ስም ያንተ ነው። እሱ ስሙም የለም።

መከላከያው አንድ ነገር ነው፦ የላኪው ስም ከገዢው ስም ጋር ካልገጠመ ብሩን መልስ፣ ሽያጩን ሰርዝ። «የወንድሜ ሂሳብ ነው» ቢልህም። ስክሪንሾትና የኤስኤምኤስ መልእክት ደግሞ ብር አይደሉም፣ ሁለቱም ይቀናበራሉ። የባንክ አፕህን ወይም ቴሌብርህን ራስህ ከፍተህ ቀሪ ሂሳብህን እይ።

የማታመልጠው ነገር ግን አለ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ በክሪፕቶ መገበያየት ያልተፈቀደ መሆኑን፣ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያም ብር መሆኑን ተናግሯል። ስለዚህ ስትሸወድ «ንግዴ ተበላሸ» ብለህ ስታመለክት የምትቆምበት መሬት ጽኑ አይደለም። ከገዢው ጋር ያወራኸውን ሁሉ ይዘህ ጠበቃ አማክር፣ ፖሊስ ሲጠራህም አትጥፋ።

ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመጣ ጽሑፍ፦ «ቴሌግራም ላይ ባሉ የሳንቲም ጨዋታዎች ወራት ሙሉ ታፕ ሳደርግ (ስክሪኑን ስነካካ) ነበር። አሁን ‹ኤርድሮፕህን (በነጻ የሚታደል ሳንቲምህን) ተቀበል› የሚል ሊንክ መጣልኝ። ዋሌቴን (የክሪፕቶ ቦርሳዬን) እንዳገናኝ፣ 12ቱን ቃላትም እንዳስገባ ይጠይቃል። ትክክል ነው?»

አይደለም። 12ቱን ቃላት የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው፣ እዚህ ላይ «ግን» የሚባል ነገር የለም። እነዚያ ቃላት 2,048 ቃላት ካሉት ዝርዝር የተመረጡ ናቸው፣ የያዛቸው ሰው በየትኛውም ስልክ ላይ ዋሌትህን ይከፍታል። የምትጽፋቸው አዲስ ስልክ ላይ የራስህን ዋሌት ስትመልስ ብቻ ነው። ለድረ ገጽ፣ ለቦት፣ «ሰፖርት ነኝ» ለሚል ሰው አይሰጡም።

እንዲህ ያለው ሊንክ የሚያታልለው እውነት አጠገቡ ስላለ ነው። ከታፕ ጨዋታዎቹ ኖትኮይን በፈረንጆች ግንቦት 2024፣ ሃምስተር ኮምባት ደግሞ መስከረም 2024 እውነትም ቶክናቸውን (የራሳቸውን ሳንቲም) አከፋፍለዋል። የሃምስተር ሲመጣ ስንቱ ልጅ ስልኩን እያየ እንደተበሳጨ ታስታውሳለህ፣ ወራት ሙሉ ታፕ ተደርጎ የተገኘው ለምሳ እንኳን የማይበቃቸው ነበሩ። ሌቦቹ ያንን ጉጉት ተከትለው ነው የሚመጡት። ቃላቱን ባትሰጥም እንኳ «አገናኝ»፣ ከዚያ «አጽድቅ» የሚለውን ስትነካ ሳንቲምህን እንዲያንቀሳቅሱ ፈቃድ እየሰጠህ ሊሆን ይችላል። ቃላቱን ካስገባህ ደግሞ ፓስወርድ መቀየር ምንም አይረዳህም። አዲስ ዋሌት ክፈትና የቀረውን አሁኑኑ አሻግር።

ስሟ እንዳይጠቀስ የጠየቀች እህት፦ «ካናዳ ነኝ ከሚል ሰው ጋር ሁለት ወር ተጻጻፍን። አማርኛው ጥሩ ነው፣ ሰላምታው፣ ቀልዱ። ብር ጠይቆኝ አያውቅም። አሁን ትሬዲንግ ላስተምርሽ እያለኝ ነው። ብር ካልጠየቀኝ ምን ይጎዳኛል?»

ብር አለመጠየቁ ነው ዘዴው እህቴ። እሱ እጁን አይዘረጋም። አንድ ድረ ገጽ ያሳይሻል፣ «በራስሽ ስም አካውንት ክፈቺ» ይልሻል። ድረ ገጹ የነሱ ነው። ትነግጃለሽ፣ ታተርፊያለሽ፣ ግራፉ አረንጓዴ ይሆናል። ከዚያ ልታወጪ ስትይ የሂርማታዋ እናት የገጠማቸው ይገጥምሻል። ቻይናዎቹ ይህን ማጭበርበር ከእርድ በፊት አሳማን ከማደለብ ጋር ያያይዙታል። ሁለቱ ወር ማደለቡ ነበር። አላዋቂ ብቻ ነው የሚበላው ብለሽም አታስቢ። አሜሪካኖች በፈረንጆች 2024 ብቻ ከክሪፕቶ ጋር በተያያዘ ማጭበርበር 9.3 ቢሊዮን ዶላር እንደተበሉ ለኤፍቢአይ አመልክተዋል።

ስለ አማርኛው አንድ ነገር ልጨምር። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ምያንማር ውስጥ፣ ከታይላንድ ድንበር አጠገብ ካሉ የማጭበርበሪያ ግቢዎች 260 ያህል ሰዎች ሲለቀቁ ከግማሽ በላይ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። «የኮምፒውተር ሥራ» ተብለው ሄደው፣ ፓስፖርታቸው ተነጥቆ፣ እየተደበደቡ ሰው እንዲያታልሉ የተደረጉ ልጆች። ያ የሚጽፍልሽ ሰው ከነዚያ አንዱ ይሁን አይሁን አላውቅም። ግን አማርኛው ማማሩ ሰውየው ካናዳ መሆኑን አያረጋግጥልሽም። ወንድምሽ ወይም የጎረቤትሽ ልጅ «ታይላንድ የታይፒንግ ሥራ፣ ትኬት በእኛ» ተብሎ ከሆነም ይህንን አንብቢለት።

ከጅሬን የደወሉ አባት፦ «ልጄ ‹የቢትኮይን ማይኒንግ ማሽን ድርሻ በ5 ሺህ ብር› ገዝቷል። አገራችን መብራት እየሸጠችላቸው ነው አይደል? ታዲያ ይህ እውነት አይሆንም?»

አባቴ፣ መብራቱ እውነት ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለማይነሮች (በኮምፒውተር ስሌት አዲስ ቢትኮይን ለሚያወጡ) ኃይል ይሸጣል። ማሽኖቻቸውን አስመጥተው፣ ለመብራቱ ከፍለው፣ የሚያወጡትን ቢትኮይን ራሳቸው ይወስዳሉ። የልጅዎን 5 ሺህ ብር በቴሌግራም የሚለምኑበት ምክንያት የላቸውም። ቢትኮይን ራሱ በፈረንጆች ከ2009 ጀምሮ ያለ፣ ከ21 ሚሊዮን በላይ እንዳይወጣ የተገደበ ነገር ነው። ዋጋው ይወጣል ይወርዳል፣ ግን የዝውውሩ መዝገብ ለሁሉም ክፍት ነው። በስሙ የሚነግዱት ግን ሌላ ናቸው። ዋንኮይን የሚባለው ከነስሙ ቢትኮይን ይመስል ነበር፣ 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሰበሰበ፣ እንዲህ ያለ መዝገብ ግን አልነበረውም። መሥራቿ ሩጃ ኢግናቶቫ በፈረንጆች 2017 ጠፋች፣ እስካሁን እየተፈለገች ነው።

ከአጋሮ፦ «ተበልቼ ነበር። አሁን አንድ ሃከር ‹በ2 ሺህ ብር አስመልስልሃለሁ› አለኝ።»

ሁለተኛው ሌባ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከመጀመሪያው ሌባ ዝርዝርህን የገዛ ወይም ራሱ የመጀመሪያው ነው። ከዋሌት የወጣ ሳንቲም በማንም ሃከር ቁልፍ ተጭኖ አይመለስም። ብሎክ አድርገው።

መጨረሻ ላይ መስመር የገባ ወጣት፦ «እኔ ሰው ያስገባሁ ነኝ። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ የቡና ደንበኛ ሁሉ። አፑ ትናንት ተዘጋ። ምን ልበላቸው?»

ድምፅህ ሲንቀጠቀጥ ሰምቻለሁ። ግን አትደበቅ። መደበቅህ ሌባ ያስመስልሃል፣ ሌባው ደግሞ እፎይ ይላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የፒራሚድ ሽያጭን (አዲስ ሰው በማስገባት የሚከፈልበትን ዘዴ) ይከለክላል፣ በሪፈራል ኮሚሽን ወስደህ ከሆነ ይህ አንተንም ሊነካህ ይችላል። ለዚህ ከፖሊስ በፊት ጠበቃ አናግር። ከኮሚሽኑ ሳትበላው ያስቀመጥከው ካለ አትንካው። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ቀን ጥራቸው፣ ለየብቻ አትንገራቸው፣ ወሬው ይጣመማል። እያንዳንዱ ሰው ብር የላከበትን ቀን፣ መጠንና የተቀባዩን ስም በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። አንድ ሰው ብቻውን ሲያመለክት ትንሽ ጉዳይ ይመስላል። በወረቀቱ ላይ አንድ የተቀባይ ስም አምስት ስድስት ጊዜ ሲደጋገም ግን መርማሪው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። እንግዲህ ወረቀቱን ይዛችሁ አብራችሁ ሂዱ፣ አንተም ከፊት ሁን።