ምስሉን አትቁረጡት፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ ከሩቅ ከተማ ሌሊቱን ስትነዱ ያደራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዓመቱ ሪፖርት በእጃችሁ ስላለ አላነብላችሁም። የሒሳብ ጥያቄ ያላችሁ ከሻይ በኋላ ሒሳብ ሹማችንን ታገኟታላችሁ፤ በደንብ ተዘጋጅታለች፣ እንዳትከራከሯት። እኔ የተሰጠኝን ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ሲያጨቃጭቀን በከረመው ጉዳይ ላይ ላውለው። ለማኅበሩ መደርደሪያ ድራጎን ቦል ዜድ የተባለውን የጃፓን የፍልሚያ ካርቱን በየትኛው የዲስክ ስብስብ እንግዛ? ዛሬ በድምፅ እንወስናለን። «ካርቱን አይደል እንዴ፣ ሁሉም ያው ነው» የሚል እንግዳ በመካከላችን ካለ፣ በትሕትና ያው አይደለም እላለሁ። ለዚህም ነው ፕሮጀክተሩን ያመጣነው።

ጭቅጭቁ ለምን እንደማያልቅ ሳስብ የምደርስበት አንድ ምክንያት አለ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለነው ሰዎች ይህን ታሪክ የተዋወቅነው በተለያየ በር ነው። እዚሁ አሜሪካ ያደጉት ከትምህርት ቤት መልስ ቦርሳቸውን ወርውረው ቱናሚ በተባለው የቴሌቪዥን የካርቱን ፕሮግራም በእንግሊዝኛ አዩት። አዲስ አበባ ወይም ገልፍ ያደጉት በዲሽ ስፔስቱን ከተባለው የልጆች ጣቢያ በአረብኛ አዩት፤ ቋንቋውን ያልቻለው እንኳ ማን ማንን እንደደበደበ አልጠፋውም። ከዚያ በፊት የቪዲዮ ቤት ካራቴ ፊልም ያሳደገን ደግሞ አለን። እና እያንዳንዳችን «ዋናው» የምንለው ልጅ ሆነን ያየነውን ነው። ክርክራችን ስለ ዲስክ ይመስላል እንጂ ግማሹ ስለ ልጅነታችን ነው። ስለዚህ ዛሬ ለመፍረድ ከየልጅነታችን ትንሽ ፈቀቅ ብለን ከመነሻው እንጀምር። ቀኖቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

የአኪራ ቶሪያማ ማንጋ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ የጃፓን መጽሐፍ፣ በ1984 በሾነን ጃምፕ ሳምንታዊ መጽሔት ጀምሮ እስከ 1995 ዘለቀ። ቶኤ አኒሜሽን ከዚያ የሠራው ድራጎን ቦል ዜድ በፉጂ ቴሌቪዥን ከኤፕሪል 26 ቀን 1989 እስከ ጃንዋሪ 31 ቀን 1996 በ291 ክፍል ታየ። አሁን የምነግራችሁን ሦስት ነገር ያዙልኝ። ሥዕሉ በእጅ የተሣለ ነው፣ በሚያሳይ ፕላስቲክ ላይ፣ ቀለሙ ከጀርባ ተቀብቶ። የተነሣው በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው። የታሰበውም ለዚያን ጊዜው ቴሌቪዥን፣ ማለትም ለ4 ለ 3 ስክሪን ነው፤ ወርዱ አራት ከሆነ ቁመቱ ሦስት። ከዚያ ወዲህ የወጣ ስብስብ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ እነዚህን ሦስቱን ምን አደረጋቸው?

ከሁሉ የከፋው የመጣው በስክሪኑ በኩል ነው። አሜሪካ ውስጥ መብቱን የያዘው ፋኒሜሽን ከ2007 እስከ 2009 ሙሉውን ታሪክ በ9 ሲዝን ከፍሎ በዲቪዲ አወጣ። እኛ «ብርቱካናማ ጡብ» የምንለው ነው፤ ቀለሙም መጠኑም ስሙን አልከዳውም። በዋጋው ደግሞ ቤት ሁሉ ገባ፣ ይህን ውለታውን አልክድም። ነገር ግን ያኔ ሰዉ ሁሉ ሰፊ ቴሌቪዥን እየገዛ ነበርና ምስሉን 16 ለ 9 አደረጉት። ስሌቱ የሚከብድ አይደለም። የ4 ለ 3 ምስል በጎን ሳይጨመርበት 16 ለ 9 ይሁን ከተባለ ከቁመቱ ሩቡ ይሄዳል። እርግጥ ፊልሙን እንደገና ሲገለብጡ በቀድሞው ዲቪዲ ያልታየ ትንሽ ምስል በግራና በቀኝ አግኝተዋል፣ ለፍትሕ ሲባል ይነገር። ከላይና ከታች የሄደውን ግን አይክስም። የቤተሰብ ፎቶ ክፈፉ ውስጥ አልገባ ሲል የአባትን ግንባርና የልጆቹን እግር በመቀስ ቆርጦ እንደ መስቀል ነው።

«እኔ እኮ ልዩነቱ አይታየኝም» ትሉኛላችሁ። በዚህ ዓይነት ታሪክ ውስጥ አካል ነው ቋንቋው። ዋናው ጀግና ጎኩ ካሜሃሜሃ የሚባለውን የብርሃን ምት ሊለቅ ሲል ሁለት እጆቹን ወደ ወገቡ ይስባል፣ ብርሃኑ መዳፎቹ መካከል ይጠራቀማል። የታችኛው ጠርዝ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚነካው ያ እጅ ያለበት ቦታ ነው። ተቀናቃኙ ቬጂታ ፀጉሩ ወደ ላይ ቀጥ ያለ ነው፣ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ግርማ የሚሰጠው እሱ ነው፤ የላይኛው ጠርዝ ሲቆረጥ ግርማው ይላጫል። ሁለት ተፋላሚዎች በረሃ መሐል ተፋጠው ሲቆሙ ሠዓሊው ከራሳቸው በላይ ብዙ ሰማይ ይተዋል። ዝም ብሎ አይደለም፣ ከዚያ ሰማይ የሚወርድ ነገር ስላለ ነው። ይህን ሁሉ ዛሬ ጎን ለጎን ታዩታላችሁ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል።

ሁለተኛው ነገር ግሬን የምንለው የፊልሙ ቅንጣት ነው። በ16 ሚሊ ሜትር የተነሣ ምስል ላይ የሚርመሰመስ ደቃቅ ቅንጣት አለ፤ አንዳንዱ እንደ ቆሻሻ ያየዋል። በኮምፒውተር ሲጠርጉት ግን ማሽኑ የትኛው ቅንጣት የትኛው መስመር እንደሆነ አያውቅም። የአንጥረኛ እጅ የሚመስለው ቀጭን የቀለም መስመር፣ የፀጉር ዘለላው፣ የልብስ እጥፋቱ አብሮ ይፈዛል። በፈጣን ፍልሚያ ውስጥማ ይባስ፤ የቡጢው ጠርዝ ይደበዝዛል፣ መስመር ለአንድ አፍታ ይጠፋና ይመለሳል። ፊቶቹ የሰም ይሆናሉ። ልጆቻችን «የጸዳ» ይሉታል፣ ስልክ ላይ ያደጉ ስለሆነ አልፈርድባቸውም።

እዚህ ላይ አዲስ አባሎቻችንን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ብሉሬይ 1080 መስመር ይይዛል፣ የአሜሪካ ዲቪዲ 480። ታዲያ ነባር ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ ዲቪዲውን የሚያስቀድሙት ለምንድን ነው? በ2003 ጃፓን ውስጥ «ድራጎን ቦክስ» የተባለ ስብስብ ወጣ፤ ከፊልሙ በጥንቃቄ የተገለበጠ፣ ቅርጹ 4 ለ 3 እንደሆነ የቀረ፣ ቅንጣቱም ያልተጠረገ። ያው ሥራ ከ2009 እስከ 2011 በ7 ሣጥን አሜሪካ ገባ። የሚቀጥለው ክፍል ማስታወቂያ ሳይቀር በቦታው አለ። ከገጸ ባሕርያቱ ኋላ በውሃ ቀለም የተሣለው ትዕይንት ቀለሙ እንዳለ ይታያችኋል። ሥዕሉ ሲነሣ ፕላስቲኩ ላይ የነበረ አቧራ እንኳ አልፎ አልፎ ይታያል፤ እኔ በበኩሌ ያን አቧራ ሳይ ደስ ይለኛል። መስመሩ ማነሱ እውነት ነው፣ ነገር ግን የያዘው መስመር የሥዕሉ ነው።

ብሉሬይም ቢሆን ዕድል አጥቶ አይደለም። በ2011 መጨረሻ «ሌቨል» የተባለው ተጀመረ፤ 4 ለ 3፣ ፍሬም በፍሬም የታከመ፣ አድናቂው እልል ያለለት። ሁለት ሣጥን ከወጣ በኋላ ሥራው አድካሚና ውድ ሆኖ ቆመ። የገዛ ሰው ሁለት ሣጥን ይዞ ቀረ። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ የወጣው የሲዝን ብሉሬይ ወደ 16 ለ 9 ተመለሰ፣ ቅንጣቱም ተጠረገ። በ2019 የ30ኛ ዓመት መታሰቢያ ስብስብ ሲመጣ ቅርጹ ወደ 4 ለ 3 ቢመለስም መጥረጊያው አልተወም። በዚህኛው ላይ ማኅበራችን ለሁለት እንደተከፈለ አውቃለሁ። የኔን ካላችሁኝ፣ ሣጥኑ ያምራል፣ ምስሉ ግን ሰም ነው።

ስለ ድምፅ ስናወራ ግን እባካችሁ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እናውራ፤ ያለፈው ዓመት ስብሰባ እንዴት እንዳለቀ ታስታውሳላችሁ።

የጃፓኑ ሙዚቃ የሹንሱኬ ኪኩቺ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለእንግሊዝኛው ቅጂ ብሩስ ፎልኮነርና ቡድኑ ሌላ ሙዚቃ ሠሩ፤ በኪቦርድና በጊታር የሚነዳ፣ እዚህ ያደገው ትውልድ ገና ሲሰማው ደረቱ የሚነፋ። ኪኩቺ ዝምታ ይተዋል። ሁለቱ ተፋጠው ሲቆሙ ንፋሱ ብቻ ይሰማል። ፎልኮነር ግን ያን ዝምታ አይተወውም፣ ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። እኔ ለኪኩቺ አደላለሁ፤ ነገር ግን ለብዙ አባላት ጎኩ ናሜክ በተባለችው ፕላኔት ላይ ፀጉሩ ወርቃማ የሆነው በየትኛው ሙዚቃ እንደሆነ አውቃለሁና ተሳስታችኋል አልላቸውም። ችግሩ ድራጎን ቦክሱ ውስጥ የፎልኮነር ሙዚቃ የለም። ብርቱካናማው ጡብ ውስጥ አለ። የተቆረጠው ምስል የተወደደውን ድምፅ ይዟል፣ ያልተቆረጠው አልያዘም።

በጃፓንኛውም በኩል ቢሆን ሰላም የለም። በዲስክ የምንሰማው የታፈነ የሚመስለው ፊልሙ ጠርዝ ላይ በብርሃን ከተቀረጸው የኦፕቲካል ድምፅ የተወሰደ ስለሆነ ነው። ያኔ ጃፓን ውስጥ ፉጂ ቴሌቪዥንን ከፍተው በቪኤችኤስ የቀዱ ተመልካቾች ካሴት ላይ ያለው ድምፅ ከዲስኩ የጠራ ሆኖ ተገኝቷል። አስቡት፣ አንድ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ የተቀዳ ካሴት ሕጋዊውን ሣጥን ሲበልጥ! የጎኩንና የልጆቹን የጎሃንንና የጎተንን ድምፅ በጃፓንኛ የሚሰጡት ማሳኮ ኖዛዋ በ1936 የተወለዱ እናት መሆናቸውን ላልሰሙ ወላጆች እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ ያ ጩኸት የሳቸው ነው፣ ጥርት ብሎ ሊሰማ ይገባዋል።

ስለ ትርጉሙ ረጅም አልሄድም። በ1996 እንግሊዝኛው ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ 67 ክፍሎች ተቆራርጠው 53 ሆኑ፤ የሞተ ሰው «ወደ ሌላ ዓለም ተላከ» እየተባለ። እነዚያ ክፍሎች በኋላ ሳይቆረጡ እንደገና ተሠርተዋልና ዛሬ የሚያሳስበን አይደለም።

«ለምን ዲስክ እንገዛለን፣ ኢንተርኔት ላይ አለ አይደል?» ለሚለው ወጣት አባላችን መልስ ልስጥ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የፋኒሜሽን መተግበሪያ ክራንቺሮል ከተባለው የኢንተርኔት ማሳያ አገልግሎት ጋር ተጠቃሎ ኤፕሪል 2 ቀን 2024 ተዘጋ። ዲስክ ሲገዙ አብሮ በተሰጠ ኮድ ዲጂታል ቅጂ ያስገቡ ሰዎች ቅጂው አብሮ ሄደባቸው። ዲስኩ መደርደሪያቸው ላይ ቀረ። ቶሪያማ በዚያው ዓመት ማርች 1 ቀን በ68 ዓመታቸው አረፉ፤ ከዚያ ወዲህ አሮጌ ሣጥን የሚፈልግ ሰው በዝቷል፣ ድራጎን ቦክሱም መታተም ካቆመ ቆይቷል። ከገዛን አሁን ነው።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ሰባቱን ድራጎን ቦክስ ከእጅ ወደ እጅ ከሚሸጡ ሰዎች፣ ዲስኮቹ አንድ በአንድ ተፈትሸው፣ ለማኅበሩ እንግዛ። የፎልኮነርን ሙዚቃ ለሚወዱ ደግሞ በርካሽ የሚገኘውን ብርቱካናማ ጡብ ጨምረን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የሲዝን ብሉሬዩንና የ30ኛ ዓመቱን አንገዛም፤ ያለው አባል ለማነጻጸር ካዋሰን እናመሰግናለን። ማንም ከመደርደሪያው ወስዶ መገልበጥ አይፈቀድለትም፣ ይህ ለድምፅ አይቀርብም። የሚጣል ምስል ቁመቱ የተቆረጠው ነው የሚለው አቋም ግን የኔ ብቻ ስለሆነ ሞግቱኝ።

አሁን ፕሮጀክተሩ ይበራል። ያንኑ የጎኩና የቬጂታ ፍልሚያ ጥቂት ደቂቃ በተቆረጠውም ባልተቆረጠውም ቅጂ እናሳያችኋለን፤ የቱ የቱ እንደሆነ አስቀድመን አንነግራችሁም። ከዚያ ወረቀቱ ይታደላል፣ ልጆችም ከ12 ዓመት በላይ ከሆኑ ይመርጣሉ። እስክሪብቶ የያዛችሁ ለጎረቤታችሁ አውሱ፤ ከኋላ የተቀመጣችሁ ደግሞ ባዶ ወንበር ስላለ ወደ ፊት ኑ፣ ከዚያ አይታያችሁም።