የልጅቱ እጅ የት አለ?

የተከበራችሁ የሙዚየምና የመዝገብ ባለሙያዎች፣

በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን፣ ሴት ልጅ ሥዕል የምትማረው ባብዛኛው አባቷ ስቱዲዮ ውስጥ ነበር። ቀለም ትፈጫለች፣ የአባቷን ንድፍ ትገለብጣለች፣ እጇ ሲፈታ ልብሱንና ጀርባውን ትሠራለች። ውል የሚዋዋለው ግን አባት ነው፤ ክፍያውን የሚቀበለውም እሱ። ሥዕሉ ከቤት የሚወጣው በእሱ ስም ነው።

ፊርማ ቢኖርም ላያድን ይችላል። ጣሊያናዊቷ ሠዓሊ አርጤሚዝያ ጄንቲለስኪ የሶስናን ታሪክ በሣለችበት ሸራ ላይ ስሟንና እ.ኤ.አ. 1610 ዓመትን ድንጋዩ ላይ ጽፋለች። ያም ሆኖ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለች ልጅ ይህን ልትሠራ አትችልም ብለው ሥዕሉን ለአባቷ ለኦራዚዮ የሰጡ አልጠፉም።

የጣሊያን ከተማ የቦሎኛዋ ሠዓሊ ኤልሳቤታ ሲራኒ ይህን የጠረጠረች ይመስላል። አባቷ በሪህ ታሞ መሣል ሲያቅተው ስቱዲዮውን ተረከበች። ፈጣን ስለነበረች ሥራዎቹ የእሷ መሆናቸውን ሰው አላመነም፤ ስለዚህ በእንግዶች ፊት ትሥል ነበር። ስሟን በሥዕሉ ውስጥ የልብስ ቁልፍ ላይ፣ የትራስ ጠርዝ ላይ፣ አንገትጌ ላይ ትጽፋለች። የሥራዎቿንም ዝርዝር ትይዝ ነበር፤ በ1665 በ27 ዓመቷ ስትሞት ዝርዝሩ ቀረ፣ በ1678 ታተመ። ለእኛ ከማንኛውም ምስጋና ይልቅ የሚጠቅመን ይህ ዝርዝር ነው።

እንግዲህ የአባት ስም የተለጠፈበት ሸራ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ሥራው የተሠራበትን ዓመት ከአባትየው ጤናና ዕድሜ ጋር አስተያዩ። ቀጥሎ ጌጡን፣ የልብሱን ጥልፍና የወንበሩን ጠርዝ በማጉያ መነጽር ፈትሹ። ፊርማ ካገኛችሁ ስንጥቁን ተመልከቱ፤ የፊርማው ቀለም ወደ ስንጥቁ ውስጥ ከፈሰሰ፣ ሥዕሉ ካረጀ በኋላ የተጨመረ ነው። ራጅ የተለወጠ ንድፍ ያሳያል እንጂ የማን እጅ እንደሆነ ለብቻው አይናገርም።

ጃፓናዊቷ ሠዓሊ ካትሱሺካ ኦኢ ሌላ ምሳሌ ናት። ከባሏ ተለይታ ወደ አባቷ ወደ ታዋቂው ሠዓሊ ሆኩሳይ ተመለሰች፤ በ1849 እስኪሞት አብራው ሠራች። የኤዶ (የዛሬዋ ቶኪዮ) የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር የነበረውን የዮሺዋራን ሌሊት በሣለችበት ሥራ ስሟን በፋኖሶቹ ላይ ከፋፍላ ሸሽጋዋለች። በእርግጠኝነት የእሷ የሚባሉት ሥራዎች ጥቂት ናቸው፤ የአባቷ የመጨረሻ ዓመታት ሥራዎች ውስጥ ስንቱ በእጇ እንዳለፈ ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከራሉ።

ትልቁ ስሕተት ይሄ ነው፦ ጥሩውን ለአባት፣ ደካማውን ለልጅ መስጠት። ተገላቢጦሹም ያው ነው፤ ሴት የተሣለበትን ሁሉ ለልጅቱ የሚያድል አለ። ማስረጃ ከሌለ ካርዱ ላይ «የአባትየው ስቱዲዮ» ብላችሁ፣ በዚያ ዘመን እዚያ የነበረችውን ልጅ ስም ራሱን በቻለ ቦታ መዝግቡ፤ ነገ በስሟ የሚፈልግ ተመራማሪ ሥዕሉን ያገኘዋል።