የእታባ ቦንድ

እሺ፣ እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። የጎረቤቱ አውራ ዶሮ ከተሰማችሁ፣ እንደተለመደው ተባባሪ አዘጋጃችን ነው።

ስለ እታባ ነው። አዎ፣ ደግሞ እታባ። በ2017 ሰኔ ላይ ትራምፕ ስለ ሕዳሴ ግድባችን "ግድቡ የተሠራው በአሜሪካ ገንዘብ ነው" ብሎ ትሩዝ ሶሻል ላይ የጻፈ ጊዜ፣ ቡና ላይ ነበርን። ከስልኬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። እታባ ሲኒዋን አስቀመጠች። ምንም ሳትል ጓዳ ገባች። ቁም ሳጥኑ ሲንኳኳ ይሰማናል። ለግድቡ የገዛችውን ቦንድ በፌስታል እንደተጠቀለለ ይዛ መጣች። ፊቴ ዘረጋችና "እስቲ የሱ ስም የቱ ጋ ነው?" አለች።

በሳቅ ፈረስን። እሷ ግን አልሳቀችም። እሱ ነው ከጭንቅላቴ ያልወጣው። ወረቀቱን ስታይ ስታይ ቆየችና፣ "ታዲያ ግድቡ በተነሳ ቁጥር የሱ ፎቶ ምን ያደርጋል?"

መልስ አለኝ... ማለቴ፣ ያለኝ ይመስለኛል። በ2013 ጥቅምት ከሱዳንና ከእስራኤል መሪዎች ጋር በስልክ ሲያወራ "ግብፆች ያፈነዱታል" ያለውን ያልለጠፈ ገጽ አልነበረም። በዚያው ዓመት መጋቢት ሦስቱ አገሮች፣ እኛና ግብፅና ሱዳን፣ ኪንሻሳ ላይ ሲደራደሩስ? አደራዳሪዋ ኮንጎ ነበረች፤ ከሷ በፊት ደቡብ አፍሪካ። የኮንጎውን ፕሬዚዳንት የቺሴኬዲን መልክ ስንቶቻችን እናውቀዋለን? ድርድሩ ያለ ስምምነት ተበተነ፣ ዜናውም አብሮ ተበተነ። የዜና ወኪሉ ሮይተርስ ኋይት ሀውስ ቋሚ ሰው አለው። ግድቡ ያለበት ጉባ ላይ ማን አለው?

ያቺ ትራምፕ ጣቱን የቀሰረባት ፎቶ ደግሞ! ከጎኗ ግድቡ፣ መሀል ላይ ቀይ ቀስት፣ ከላይ "ሰበር"። ቀስቷን የሚስላት ልጅ በደንብ ሳይከፈለው አይቀርም።

ግን ዝም ይባል እንዴ? የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ተናግሯል፣ ዜና ነው። አዲስ አበባም "ውሸት ነው" ብላ መለሰች። መልሱን የምናነበው ግን እዚያው የሱ ፎቶ ሥር ነው። ይሄ ያበግነኛል። ወይም... እንጃ፣ እኔም እኮ ጠቅ አድርጌ ነው ያነበብኩት።

በ2017 ጳጉሜን 4 የግድቡን ምርቃት ከእታባ ጋር አብረን አየን። የኬንያው ሩቶ ነበሩ፣ የባርቤዶሷ ጠቅላይ ሚኒስትር ሚያ ሞትሊ ነበሩ። "ይቺ ሴትዮ ከየት ናት?" አለችኝ እታባ። ነገርኳት። "ኧረ ከዚያ ድረስ!" ብላ ደስ አላት። ትንሽ ቆይታ፣ "ሰውየውስ አልመጣም?"

አልመጣም አልኳት። ደስ ይበላት ይክፋት አልገባኝም። ምናልባት ቢመጣ ወረቀቷን ልታሳየው... አይ፣ እሱ እንኳን አይመስለኝም። ቀርቶባት ነው እንዳልል ደግሞ...