ጨርቁ ምንጣፉ ጫፍ ሲደርስ

እሺ… እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ መግቢያ አላበዛም። ባለፈው ክፍል ቸኩዬ የመለስኳት አንዲት ጥያቄ አለች፤ አልለቀቀችኝም። «አዲስ አበባ ላለችው እናቴ የሚጠርግም የሚወለውልም ሮቦት ልልክላት ነው፤ ወገቧን ያማታል፣ ጎንበስ ማለት አትችልም፣ ያለኝ 300 ዶላር ነው» የምትለዋ። እኔ ምን አልኩ? «በ300 ሌዘር ያለው፣ ባለጨርቅ ይገኛል፤ ላኪላቸው» ብዬ ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ይገኛል፣ ስህተት አልተናገርኩም። ግን ስለ ጨርቁ አንድ ቃል አላልኩም። ሁሌ የምትሰሙኝ ታውቃላችሁ፣ ጨርቁ ማለት ለእኔ ዋናው ነገር ነው።

አንዲት ቅጽበት አለች፤ እሷን ቀስ ብለን እንያት። ሮቦቱ ወጥ ቤቱን ጨርሷል። ወለሉ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ነበረ፣ የዘይት ፍንጣቂ ነበረ፣ ከምጣዱ ስር የሊጥ ጠብታ ነበረ። ልጣጩን ስቦታል፤ ቆሻሻ መያዣው ውስጥ ነው። ዘይቱና ሊጡስ? ጨርቁ ላይ ናቸው። ሮቦቱ ኮሪደሩን አለፈ፣ ሳሎን ገባ፣ ምንጣፉ ጫፍ ደረሰ። እዚህ ጋ አቁሙልኝ። አሁን ምን ያደርጋል?

መልሱ የከፈላችሁት ገንዘብ ነው። ማለቴ… ስንት እንደከፈላችሁ የሚታየው እዚህች ጫፍ ላይ ነው።

ከ200 ዶላር በታች ያለውን አስቡ። ከኋላው ከሆዱ ስር ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጨርቅ ተለጥፏል፤ ከላዩ 200 ወይም 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ውሃ መያዣ አለ። ውሃው በራሱ ክብደት ይንጠባጠባል፣ ሻል ባለው ላይ ትንሽ ፓምፕ ይገፋዋል። ጨርቁ አይሽከረከርም፣ አይነሳም፤ ይጎተታል፣ በቃ። ስለዚህ ምንጣፉ ጋ ሲደርስ ወይ ይወጣበታል፣ ወይ አትውጣ ተብሎ ተከልክሏል። ከወጣበት ያንን ዘይትና ሊጥ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ይለቀልቀዋል። ምንጣፉ ወፍራም ከሆነ ደግሞ እርጥብ ጨርቁ ይይዘውና ጎማው እዚያው ይሽከረከራል። ለመከልከል ስልካችሁ ላይ ካርታውን ከፍታችሁ ምንጣፉን በአራት ማዕዘን ትከልላላችሁ። ካርታ ከሌለው፣ ማለትም ቤቱን እየለካ ካርታ የሚስልለት ሌዘር ሳይኖረው በጋይሮስኮፕ፣ መታጠፉን በሚለካ ሴንሰር፣ ብቻ የሚዞር ከሆነ፣ መከለል የለም፤ የማግኔት ጥብጣብ ወለል ላይ ማንጠፍ ነው፣ እሱም ሮቦቱ ማግኔት የሚያነብ ከሆነ።

ለዚህ ነው ከሌዘር በታች የማልወርደው። ሩምባ፣ ያ ስመ ጥሩ ጠራጊ ሮቦት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ ዋጋው 200 ዶላር ገደማ ነበር፤ እየተጋጨ፣ እየዞረ፣ ዕድል እንደመራው ነበር የሚጠርገው። ዛሬ በዚያው ዋጋ አናቱ ላይ የሚሽከረከር ሌዘር ያለው፣ ቤቱን ክፍል በክፍል የሚለይ ታገኛላችሁ። በጀታችሁ ትንሽ ከሆነ ሌዘሩን ያዙ፣ ሌላውን ተዉት። አንድ ነገር ግን ለኩ፦ ያ ሌዘር ቁመቱን ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ያደርሰዋል። ሶፋው ስር 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ ካለ አይገባም። የበሩን ደፍም ለኩ፤ አብዛኞቹ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣሉ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ሮቦቱ የአንድ ክፍል ሮቦት ሆኖ ይቀራል።

ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ግን ይሄ አይደለም። ፓስካል ነው። 4,000፣ 8,000፣ 20,000። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ነው፣ እና… ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሰዎች ባላቸው ትንሽ ገንዘብ ቁጥር ይገዛሉ። ፓስካል ሞተሩ የሚፈጥረው የግፊት ልዩነት ነው። ብሩሹ ወለሉን እንዴት እንደሚነካ፣ ስር ስንት አየር እንደሚያልፍ አይነግራችሁም። ለሴራሚክ፣ ለቴራዞ፣ ለፓርኬ 2,500 ወይም 3,000 አቧራውንም ፍርፋሪውንም ያነሳል። ወፍራም ምንጣፍ ላይ ነው ጉልበቱ የሚያስፈልገው፤ እዚያም ብሩሹ የጎማ መሆኑ ከቁጥሩ አይተናነስም፣ ምክንያቱም ፀጉር በጎማው ላይ እንደ ጸጉራሙ ብሩሽ አይጠመጠምም። ሹሩባ የሚሠራበት ቤት ከሆነ፣ የተቀጠለ ፀጉር ወለል ላይ የሚወድቅበት፣ በሳምንት አንዴ ብሩሹን አውጥታችሁ በመቀስ ካልቆረጣችሁት ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉት ማሽከርከሪያዎች ውስጥ ይገባል፤ ሙቀት ይፈጥራል፣ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። የፊተኛዋም ትንሽ ጎማ እንደዚያው፤ ተስባ ትወጣለች፣ አውጧት።

ቀጤማም አለ። ቡና ተፈልቶ ቀጤማው ሳይነሳ ሮቦቱ በሰዓቱ ቢነሳ፣ ያ ረጅም ሣር በዋናውም በጎኑም ብሩሽ ላይ ይጠመጠማል፤ ሁለት ደቂቃ አይቆይም፣ ይቆማል። ፈንዲሻ ደግሞ የጎን ብሩሹ ይበትነዋል። ምስር፣ ጥሬ ቡና፣ ደረቅና ክብ ነገር ሁሉ፣ የጎን ብሩሹ በፍጥነት ሲሽከረከር ግድግዳ ጋ ነው የሚያደርሰው። ለእንደዚያ ቀን ዝቅተኛው ፍጥነት ላይ አድርጉት። ከሰል አካባቢ ደግሞ በፍጹም፤ ያልጠፋ ፍም ከሳበ ውስጡ ያለው አቧራና ወረቀት ፊልተር ነው፣ አጠገቡ ሊቲየም ባትሪ አለ። በዚህስ አልቀልድም። ከሶፋው ጫፍ የተንጠለጠለ የነጠላ ዘርፍም አንሱ።

ወዴት ነበርኩ… ምንጣፉ።

እሺ፣ ወደዚያች ጫፍ እንመለስ። ከ300 እስከ 400 ዶላር ያለው ሲደርስባት አንዳንዱ ጨርቁን ያነሳል። ምን ያህል? 5 ሚሊ ሜትር፣ 7፣ አንዳንዱ 10። ሮቦቱ ምንጣፍ መሆኑን በድምፅ ሞገድ ሴንሰር ያውቃል፣ ጨርቁን ሰበሰበ፣ ወጣ። ጥሩ። ግን የምንጣፉ ፀጉር ራሱ 12 ሚሊ ሜትር ቢሆንስ? የተነሳው ጨርቅ አሁንም ምንጣፉን ይነካል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ማስመሪያ ይዛችሁ ምንጣፉን ለኩ፤ ሻጩ «ጨርቁ ይነሳል» ካላችሁ «ስንት ሚሊ ሜትር?» በሉት። ምንጣፉ ጥቁር ወይም ጥቁር ጥለት ያለው ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ፦ ከሆዱ ስር ደረጃ እንዳይወድቅ የሚጠብቁት ኢንፍራሬድ ሴንሰሮች አሉ፤ ጥቁር ነገር ብርሃኑን አይመልስላቸውም፣ ገደል ይመስላቸዋል፣ ወደ ኋላ ይሸሻል። ሴንሰሩን በፕላስተር ሸፍኑ የሚል ምክር ይዞራል። ደረጃ ያለበት ቤት ከሆነ አታድርጉት፤ ይወድቃል።

ሩምባ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው አንድ ሞዴል ጨርቁን በክንድ አንስቶ ጀርባው ላይ ይጭነዋል። ያ ነገር በጣም ነው የሚያስደስተኝ፣ ምክንያቱም ያቺን ጫፍ አስቦ የተሠራ ነው። ሌሎች ደግሞ፣ ውድ ከሚባሉት፣ ሁለቱን ተሽከርካሪ ጨርቆች ማደሪያቸው ላይ፣ ቻርጅ የሚያደርጉበት ጣቢያ ላይ ማለቴ ነው፣ ጥለው ምንጣፉን ለመጥረግ ባዶ ሆዳቸውን ይወጣሉ። ያ ግን 800፣ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ነው።

ግን እኮ ምንጣፉ ዳር ላይ ያለው ችግር መነሳቱ ብቻ አይደለም። ባለፈው ያላልኩት ይሄን ነው። ጨርቁ ተነሳም አልተነሳም ቆሻሻ ነው። ወጥ ቤቱን የወለወለ ጨርቅ ነው መኝታ ቤቱን የሚወለውለው። በእጃችን ስንወለውል ምን እናደርጋለን? ባልዲው ውስጥ ነክረን፣ አሽተን፣ ጨምቀን፣ ውሃው ሲጠቁር ደፍተን እንቀይራለን። የ300 ዶላሩ ሮቦት አይነክርም፣ አይጨምቅም። ከላይ ንጹሕ ውሃ እየጨመረ ከስር ያንኑ ቆሻሻ ያቀጥነዋል። ሴራሚኩ ሲደርቅ ያ ነጭ ጭረት የሚቀረው ለዚህ ነው።

የሚያጥብ ማደሪያ ያለው፣ በየ10 ወይም በየ15 ደቂቃው ተመልሶ ጨርቁን የሚያሽለት፣ ቆሻሻ ውሃውን ለብቻው የሚያጠራቅም፣ ከ500 ዶላር አካባቢ ጀምሮ ነው በጤናማ ሁኔታ የማየው፤ በኅዳር ቅናሽ ዝቅ ይላል። በሞቀ ውሃ የሚያጥበውና በሞቃት አየር የሚያደርቀው ከዚያም በላይ ነው። ስለዚህ 300 ካላችሁ… በፓስካሉም በጨርቁም አትታለሉ፣ አቧራውን ራሱ ወደ ከረጢት የሚያራግፍ ማደሪያ ያለውን መጥረጊያ ግዙ፣ መወልወሉን ለእጃችሁ ተዉት። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ አፓርታማ ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ ላላችሁ ደግሞ ክርክርም የለውም፤ ለወጥ ቤትና ለመታጠቢያ ቤት ብላችሁ ለጨርቅ አትክፈሉ።

ግን እናትየዋ አዲስ አበባ ናቸው። ወለሉም ምናልባት ሴራሚክ ነው። እና… ማደሪያውን ላኪላቸው እንዳልል፣ ቮልቱ አለ።

ተራ ቻርጅ ማድረጊያ ብቻ ያለው ሮቦት አዳፕተሩ ላይ 100-240 ቮልት ይላል፣ ሶኬቱን ቀይሮ መሰካት ነው። አቧራ የሚያራግፈው ማደሪያ ግን ከአሜሪካ ከተገዛ ብዙ ጊዜ ከጀርባው 120 ቮልት ብቻ ይላል። አገር ቤት 220 ነው። በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቢባል፣ ሲስብ ለጥቂት ሰከንድ ወደ 1,000 ዋት ይፈልጋል፤ የሬዲዮ ትራንስፎርመር አይችለውም፣ 1,500 ወይም 2,000 ዋት የሚሸከም ነው የሚሆነው። ከዱባይ የተገዛ ከሆነ በ220-240 ነው የሚሠራው፣ ሦስት ጥርስ ሶኬቱን መቀየር ብቻ ነው። ቻይና ለቻይና ገበያ የተሠራውን ደግሞ ተጠንቀቁ፤ አፑ ለሌላ አገር አካውንት ላይከፍት ይችላል፣ የሚናገረውም ቻይንኛ ነው። ዋይፋዩም በአብዛኛው በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው የሚገናኘው።

ባትሪውን ለመንገደኛ የምትሰጡ፦ 14.4 ቮልትና 5,200 ሚሊ አምፒር ሰዓት ከሆነ ስታባዙት 75 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ የአውሮፕላኑ ገደብ 100 ነው፣ ያልፋል። ሮቦቱ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ። ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ ብቻ።

ውሃ ደግሞ በፈረቃ ነው። ማደሪያው 3 ወይም 4 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይይዛል፤ ከሮቶ የተቀዳው ዝገትና አሸዋ ካለው በነጠላ ጨርቅ አጥልላችሁ ጨምሩ፣ ፓምፑን ይደፍነዋል። በረኪና አይግባ፣ ጎማዎቹን ይበላል። ላርጎ አይግባ፣ አረፋው ወደ ፓምፑ ይሄዳል። ቆሻሻ ውሃው በሁለት ቀን ይደፋ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ይሸታል። መብራት በእጥበት መሃል ከሄደ ጨርቁ እርጥብ ሆኖ ያድራል፤ ጠዋት ቤቱ…

ቆይ። ምን እያልኩ እንደሆነ ይታያችኋል? ጨርቁን የሚያወጣው ማነው? ቆሻሻ ውሃውን የሚደፋ፣ ፀጉሩን በመቀስ የሚቆርጥ፣ ቀጤማውን ቀድሞ የሚያነሳ። ሁሉም ወለል ላይ ነው፤ ሁሉም ጎንበስ ማለት ነው። ጥያቄዋ ደግሞ ጎንበስ ማለት ስለማይችሉ እናት ነበረች።

ጨርቁን የሚያጥበው ማደሪያ ጉልበት ድረስ ይደርሳል፣ ውሃ መያዣዎቹ ከላይ ነው የሚነሱት፣ እሱ ለወገብ ይሻላል። ግን 4 ሊትር ውሃ 4 ኪሎ ነው። የ300ው ቀላል ነው፣ ግን ጨርቁ ከሆዱ ስር ነው፣ ገልብጦ ማውጣት ነው። ወይም ያለ ጨርቅ መጥረጊያውን ብቻ… እሱም መወልወሉን ለሳቸው ይተወዋል። ምንጣፉን ቢያነሱትስ ብዬም አሰብኩ፣ ያቺ ጫፍ ጨርሳ ብትጠፋ። ግን ምንጣፉን…

አላውቅም። እህቴ፣ የጻፍሽልኝ፣ እስካሁን ካልገዛሽ ትንሽ ጠብቂኝ። ምንጣፉ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ጠይቂልኝ። እቤት አብሯቸው የሚኖር ሰው ካለም ንገሪኝ።