በጓ አልጠፋችም

የተከበራችሁ የእድራችን ዳኛ፣ የኮሚቴ አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

ዳኛው ባለፈው ሳምንት ሱቄ ብቅ ብለው «በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ስለ ጤና አሥር ደቂቃ ተናገር» አሉኝ። «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁ» አልኳቸው። «አንተ እኮ የምትሮጠው ሰውዬ ነህ» አሉኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ 28 ዓመት ሱሪ ሰፍቻለሁ። ከናንተ የግማሹን የሰርግ ልብስ የለካሁት እኔ ነኝ። የወገባችሁ ቁጥር በደብተሬ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ከዓመት ዓመት ምን ያህል እንደጨመረ ለማንም አልናገርም። ያ ሁሉ ተረስቶ ዛሬ ስሜ «የሚሮጠው ሰውዬ» ሆኗል። ይሁን። የምናገረው ስለ ሩጫ ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ንስሐ አለብኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ በግ ጠፋብኝ ተብሎ ሰፈሩ ሲታመስ እንደዋለ ታስታውሳላችሁ። ያቺ በግ አልጠፋችም። በግ አልነበረኝም።

ሳቁ፣ ግድ የለም። ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ።

በዚያ ሰሞን ራሴን እያመመኝ አንድ ጤና ተቋም ሄድኩ። ግፊቴ ተለካ፤ የላይኛው 160፣ የታችኛው 100። ኪኒን ታዘዘልኝና «ጨው ቀንስ፣ ስፖርት ሥራ» ተባልኩ። እንዴት ነው የሚሠራው ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀጣዩ በሽተኛ ገብቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ስፖርት ሥራ! ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ተጎንብሶ የሚውል የ52 ዓመት ሰው ምን ያድርግ? ኳስ ልጫወት?

ሩጫ ገንዘብ አይጠይቅም ብዬ ሩጫ መረጥኩ። ቀን መሮጥ ግን አፈርኩ። ስለዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣሁ። ባለቤቴ «ወዴት ነው?» አለችኝ። «ኪዳን ላደርስ» አልኳት። የመጀመሪያው ውሸት ይህ ነው። አንድ ደንበኛ አሰፍቶ ሳይወስደው የቀረ አረንጓዴ ቁምጣ ነበረኝ፤ እሱን አጠለቅኩ። ብርዱም ሰውም እንዳያየኝ ጋቢ ደረብኩበት። ጋቢ ለብሶ የሮጠ ሰው አለ እዚህ? አንዱን ጫፍ ስትይዙት ሌላው እግራችሁ ውስጥ ይገባል።

ከበራፌ ስወጣ ሌባ እንደሚያባርረው ሰው ተፈተለኩ። የማውቀው ሩጫ ያው ነው፣ ያለ የሌለ ጉልበትን አሟጥጦ መብረር። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ፣ ይኼ 200 ሜትር ቢሆን ነው፣ ጎኔን ወጋኝ። ጉሮሮዬ ደም ደም አለኝ። ድንጋይ ላይ ዘፍ አልኩ። ይኼኔ የወፍጮ ቤቱ ጥበቃ ባትሪውን ፊቴ ላይ አበራ።

«ማነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ውይ ጋሼ! በዚህ ሌሊት ምን ሆነው ነው?»

እየሮጥኩ ነው ማለት አቃተኝ። እውነቴን ነው፣ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለ። «በግ ጠፍቶብኝ» አልኩ።

«ምን ዓይነት በግ?»

«ነጭ። ግንባሯ ላይ ጥቁር ያለባት።»

ጥቁሩን ለምን እንደጨመርኩ ዛሬም አላውቅም። ሰውዬው ደግ ነው። ፉጨቱን ሲለቀው የእንጨት መጋዘኑ ጥበቃ መጣ። ሦስት ሆነን ቦዩን ፈተሽን። ወንዙ ድረስ ወረድን። ከሁለቱም ይልቅ አጥብቄ የምፈልገው እኔ ነበርኩ። መጋዘን ጠባቂው አጎንብሶ በጠጥ አነሣና «ትኩስ ነው፣ በዚህ አልፋለች» አለ። እኔም «እውነትም የሷ ይመስላል» አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የቀረውን እናንተ ታውቁታላችሁ። ረፋድ ላይ በጓ ተሰርቃ ነበር። ማታ ሦስት በጎች ሆኑ። አመሻሽ ላይ ልታጽናኑኝ ቤቴ መጣችሁ። አንዲት እናት ጠላ ይዘው መጡ፤ አሁን እዚያ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንድ ወንድሜ ደግሞ ሲሰናበተኝ እጄ ላይ 300 ብር አጣጥፎ ጣል አደረገልኝ። ባለቤቴ ቡና እየቀዳች አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ። ቤታችን በግ ገብቶ እንደማያውቅ ታውቃለች። በእንግዳ ፊት ግን ቃል አልተነፈሰችም። ከወጣችሁ በኋላ ያለችኝን እዚህ አልደግመውም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ለምን ዋሸሁ?

እዚህ አገር ጎልማሳ ሰው ከሮጠ ወይ ሰው ሞቶበታል፣ ወይ ከብት ጠፍቶበታል፣ ወይ አብዷል። ዝም ብሎ ይሮጣል የሚል ሰው የለም። በኋላ ደፍሬ በብርሃን መሮጥ ስጀምር የሰማሁትን ሁሉ ብነግራችሁ አሥሩ ደቂቃ አይበቃም። «ጋሼ፣ ማን አባረረዎት?» «በዚህ ዕድሜ ለማን ሊያምር ነው?» «ኃይሌ! ኃይሌ! አይዞህ ደረስክ!» አይዞህ የሚለው ቃል እንደዚያ ሲወጋ የሰማሁት ያኔ ነው። በቁምጣዬ ደግሞ እንዴት ተሳቀ! አባቶቻችን በቁምጣ አርሰዋል፣ በቁምጣ ገበያ ወጥተዋል፣ በቁምጣ ዘምተዋል። ቁምጣ የሚያሳፍረው የጎጃም ሰው ከመቼ ወዲህ ነው የመጣው? ሰፍቼ ስሸጠው ያልሳቀብኝ ሰው ስለብሰው ሳቀብኝ!

መስከረም 1993 ዓ.ም.ን አስታውሱ። ሲድኒ ኦሎምፒክ። አንድ ቴሌቪዥን ፊት ስንት ሰው ሆነን እንደተጨናነቅን ታውቃላችሁ። ኃይሌ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው። 10 ሺህ ሜትር ሮጠው የለያቸው በዓይን የማይጨበጥ ነገር ነው። ያን ቀን ያላለቀሰ ማን አለ? በ1984ም ደራርቱ ባርሴሎና ላይ ስታሸንፍ አልቅሰናል። አበበ በባዶ እግሩ ሮም ላይ ያደረገውን ደግሞ ለልጅ ልጆቻችን እያወራን ነው። በቴሌቪዥን የሚሮጥ ሰው ሲያዩ የሚያለቅሱ ዓይኖች፣ ጎረቤታቸው በራፋቸው ላይ ሲሮጥ ሲያዩ ለምንድን ነው የሚጠቃቀሱት? እስኪ ይመለስልኝ!

አመሰግናለሁ። ማጨብጨቡን እንኳ ትችሉበታላችሁ።

እንዴት ተሻሻልክ ለምትሉኝ፣ ያዳነችኝ የእኅቴ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ትማራለች። የበጓን ታሪክ ስነግራት እስክታለቅስ ሳቀችና «ጋሼ፣ ጥፋትህ መሮጥህ አይደለም፣ መፍጠንህ ነው» አለችኝ። ያዘዘችልኝ ይህንን ነው። አንድ ደቂቃ ሩጥ፣ ሁለት ደቂቃ ተራመድ። ይህን ስምንት ጊዜ ደጋግም። በቃ። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ። እኔም ከጾሙ እንዳይጋጭ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜን መረጥኩ።

አንድ ደቂቃ! ንቄው ነበር። የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ግን ያየሁት ነገር ትዝ አለኝ። ሁለት ቤቷን ጉባኤ ቃና ሳይቆጥር በስምንት ቤት መወድስ የሚጀምር የቅኔ ተማሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መምህሩ ያባርሩታል። እኔ ያን ሌሊት በጋቢ የሞከርኩት መወድስ ነበር።

ፍጥነቴን የምለካው በምን መሰላችሁ? የእኅቴ ልጅ «እያወራህ መሮጥ ካልቻልክ ፈጥነሃል ማለት ነው» አለችኝ። ከማን ጋር ላውራ? ስለዚህ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። መሀል ላይ ትንፋሽ ካጠረኝ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። ሌላው የሚያውቀውን ይበል፤ ያበደረውን ብር መቁጠርም ይሆናል። ደግሞ ይህች ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ቆላ ከኖረ ሰው ጋር ራሳችሁን እያወዳደራችሁ «ሳንባዬ አልቋል» አትበሉ።

በየሁለት ሳምንቱ ከእርምጃው ቀንሼ ሩጫው ላይ ጨመርኩ። በሦስተኛው ወር 10 ደቂቃ ሳልቆም ሮጥኩ። ልክ በዚያ ቀን የእድራችን ጥሩምባ ነፊ አየኝ። ጎሕ ሲቀድ ውጭ የምንገኘው እኔና እሱ ነን፤ እሱ ሰው ሲሞት፣ እኔ እንዳልሞት። ጥሩምባውን ብብቱ ሥር ሸጎጠና «አንተን በቅርብ የምነፋልህ መስሎኝ ነበር» አለኝ። እዚህ አለ፣ ይመስክር። እስካሁን ከሰማኋቸው ምርቃቶች ሁሉ ደስ ያለኝ እሱ ነው።

በሰባተኛው ወር 5 ኪሎ ሜትር ጨረስኩ። 44 ደቂቃ ፈጀብኝ። ኃይሌ ሲድኒ ላይ እጥፉን በ27 ደቂቃ ነው የሮጠው። እኔ ግን ወደ ደጀን በሚወስደው አስፋልት ላይ አንድ አህያ ቀድሜያለሁ፤ ጭነት ነበረበት፣ አልክድም። ዛሬ በ36 ደቂቃ እገባለሁ። ግፊቴም ወርዷል። ኪኒኔን ግን አላቆምኩም፤ «ሩጫ ጀመርኩ» ብላችሁ መድኃኒት የምትወረውሩ ካላችሁ ከኔ ጋር አንተዋወቅም። ልብ ሕመም፣ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ሳይጀምር ሐኪሙን ያማክር። ወንበሩን ሳይለቅም እንዴት ነው ብሎ ይጠይቅ።

ሁሉም አልጋ በአልጋ አልነበረም። አንድ ጊዜ ትንፋሼ ሲስተካከል ጀግና የሆንኩ መሰለኝና ሦስቱን ቀን ስድስት አደረግኩት። በሁለተኛው ሳምንት ቅልጥሜን ፊት ለፊቱን እንደ መርፌ ይወጋኝ ጀመር። ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩ። ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ፤ አጥንትና ጅማት ግን ቀስ እያሉ ነው የሚከተሉት። ጫማዬም ጠባብ ነበር። ከሰልባጅ ተራ በርካሽ ያገኘሁት ነው፤ የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቁሮ ወለቀ። ሩጫ ላይ እግር ስለሚያብጥ ከጣታችሁ ፊት የአንድ የእጅ አውራ ጣት ስፋት የሚያህል ቦታ ይቅር። የውሻውን ነገር ለቆሎ ተማሪ አይነግሩትም፤ አትሩጡ፣ ቁሙ፣ ፊታችሁን አዙሩለት። መንገድ ዝግ በሆነባቸው ቀናት ደግሞ ግቢዬ ውስጥ ጉድጓዱን እየዞርኩ ሮጥኩ። ዶሮዎቹ ለምደውኛል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አልወርድም። በእኔ ላይ የደረሰው ፌዝ ነው። በሴቶቻችን ላይ የሚደርሰው ፌዝ አይደለም። ባለቤቴ ባለፈው ዓመት አብራኝ ጀምራ ነበር። አራት ቀን ሮጠች። በአራተኛው ቀን ማዕዘኑ ላይ ተደግፈው የቆሙ ጎረምሶች የተናገሯትን ሰምታ ቤት ገባች፤ ጫማዋን አውልቃ አልጋ ሥር ከተተችው። እስከ ዛሬ እዚያው ነው። የማን ልጆች ናቸው? የሩቅ አገር ልጆች አይደሉም። የእኛ ልጆች ናቸው! እዚህ የተቀመጥነው አባቶች ነን ያሳደግናቸው! ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ልጃችሁን ጠይቁት። እኔ በበኩሌ ስማቸውን አውቃለሁ፤ ሱሪያቸውንም የምሰፋው እኔ ነኝ፤ ከእንግዲህ ግን አልሰፋም።

ስለ ሜዳውም ልናገር ነበር። ልጆች የሚሯሯጡበት ያ ሜዳ በቆርቆሮ ከታጠረ ቆየ፤ ውስጡ እስካሁን ሣር ብቻ ነው። ኮሚቴው ይያዘው። ሰዓቴ አልቋል፣ ዳኛው እያዩኝ ነው።

ዕዳዬን ከፍዬ ልውረድ። 300 ብር የሰጠኸኝ ወንድሜ፣ ይኸው፣ ፖስታ ውስጥ ነው። ዛሬ በዚህ ብር በግ እንደማይገኝ አውቃለሁ፤ ልዩነቱን በአንድ ሱሪ ስፌት እችልልሃለሁ። የጠላው ዕዳ ግን ይቀራል፤ ጣፋጭ ነበር።

ማክሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ነኝ። የሚመጣ ይምጣ። ባለቤቴ ትናንት ማታ ጫማዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ አቧራውን ስታራግፍ አይቻለሁ፤ ምንም አላልኳትም። ቁምጣ የሌለው ጨርቁን ይዞ ሱቄ ይምጣ፣ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዎች የስፌት አልቀበልም። አንድ ደቂቃ እንሮጣለን፣ ሁለት ደቂቃ እንራመዳለን። ሰዓት የምይዘው እኔ ነኝ። ጥበቃው ባትሪውን አብርቶ «ምን ጠፋባችሁ?» ካለን ዝም በሉ፤ የምመልስለት እኔ ነኝ።