ምንም ያልወሰደው ገበሬ ከሪፖርቱ እንዳይጠፋ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ከደብረ ማርቆስ ነው የማወራችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከሐሳቤ ያልወጣ ጉዳይ አለ፤ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበር መዝገብ ኮምፒውተር ላይ ሲገባ ሰንጠረዦቹ እርስ በርስ እንዴት እንደሚያያዙ።

የቀበሌዎች ሰንጠረዥ አለ፣ የአባላት አለ፣ የማዳበሪያ ስርጭት አለ። ሪፖርቱ ሲታተም ቀበሌው ከላይ ይሆንና በሥሩ አባሉ፣ በአባሉ ሥር ደግሞ የወሰደው ዩሪያ በኩንታል ይወጣል። ማለትም በዋናው ሪፖርት ውስጥ ንዑስ ሪፖርት ይቀመጣል። ማይክሮሶፍት አክሰስ በሚባለው የመረጃ መመዝገቢያ ፕሮግራም ላይ ሁለቱን የሚያስሩት ሊንክ ማስተር ፊልድስ እና ሊንክ ቻይልድ ፊልድስ የሚባሉት ናቸው። ባዶ ከተተዉ በእያንዳንዱ አባል ሥር የሁሉም ሰው ማዳበሪያ ይዘረገፋል።

ማሰሪያው ታዲያ ስም አይሁን። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም፤ በአንድ ቀበሌ እስከ አያት ድረስ ስማቸው የገጠመ ሰዎች ይኖራሉ። ፊደሉም አለ። አያ ኃይሉን አንዱ ጸሐፊ በ«ኃ»፣ አንዱ በ«ሀ»፣ ሌላው በ«ሐ» ይጽፋቸዋል። ለጆሯችን ያው ናቸው፤ በዩኒኮድ ግን ሦስቱም የየራሳቸው ኮድ ስላላቸው ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ያደርጋቸዋል። የአባልነት ቁጥር ይሰጣቸው፤ ያው ቁጥር ስርጭቱ ሰንጠረዥ ውስጥም ይግባ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው ሐሳብ መሠረቱ ይኸው ነው፤ ሰንጠረዦች የሚገናኙት በውስጣቸው በያዙት ተመሳሳይ ቁጥር ወይም ቃል ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ብዙ ባለሙያ ሁሉንም በአንድ ኩዌሪ፣ ማለትም ከሰንጠረዦቹ መረጃ በሚያወጣ አንድ ጥያቄ፣ በኢነር ጆይን ይጠቀልለዋል፤ ይህ በሁለቱም ሰንጠረዦች ውስጥ ያለውን ብቻ የሚያወጣ ማጣመሪያ ነው። ያኔ ስርጭት ላይ ያልተመዘገበ አባል ከሪፖርቱ ይወጣል። ስህተት ነው የሚል መልእክት የለም፤ ወረቀቱም ንጹሕ ነው። ክረምቱ ገብቶ፣ ጤፍ ሊዘራ ተቃርቦ፣ ማዳበሪያ ያልደረሰው ሰው ግን ወረዳው አስቀድሞ ሊያየው የሚገባ ሰው ነበር! ሪፖርቱ የተሠራው ለማን ሆነና? ሌፍት ጆይን፣ ማለትም ስርጭት ባይኖረውም አባሉን ሁሉ የሚያወጣው ማጣመሪያ፣ ወይም በትክክል የታሰረ ንዑስ ሪፖርት ስሙን ያቆየዋል።

የብድር አመላለስም ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። ሁለት ጊዜ ማዳበሪያ ወስዶ ሦስት ጊዜ የከፈለ አባል በአንድ ኩዌሪ ውስጥ ስድስት መስመር ይሆናል፤ ድምሩም ያብጣል፣ ያልተበደረውን ዕዳ ይሸከማል። ስርጭቱንና ክፍያውን ለየብቻ ንዑስ ሪፖርት አድርጓቸው፤ ሁለቱም በአባልነት ቁጥሩ ይታሰሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ንዑስ ሪፖርቱ ባዶ ሲሆን ከዋናው ሪፖርት ድምሩን ብትጠሩት የስህተት ምልክት ያወጣል። ሃዝዳታ በሚለው፣ ንዑስ ሪፖርቱ መረጃ እንዳለው በሚነግራችሁ ባሕርይ፣ ፈትሹና ከሌለ ዜሮ ይጻፍ። ቡሬም ሁኑ ፍኖተ ሰላም፣ ይህን ሥራ የምትሠሩ፣ ሳታትሙ በፊት በአባላቱ ሰንጠረዥ ያሉትን ሰዎች ብዛት ሪፖርቱ ላይ ካሉት ስሞች ብዛት ጋር አመሳክሩ። ደኅና ሁኑ።